የእንግዳ ዋይፋይ በካቶሊካዊ ቤት፦ ከቤተሰቡ መስመር እንዴት ይለያል?

ጥያቄ፦ ወላጅ ከለገጣፎ

ሰላመ እግዚአብሔር ከሁላችሁ ጋር ይሁን። ቤታችን ለገጣፎ ነው። ባለቤቴና እኔ ከልጆቻችን ጋር በዋናው ቤት እንኖራለን፤ በሰርቪስ ክፍሎቹ ሁለት ተከራዮች አሉ። ፋይበር ከገባልን ወዲህ የግቢው ሰው ሁሉ የሚጠቀመው በአንድ መስመር ነው። ሐሙስ ሐሙስ ማታ በአካባቢያችን ያሉ ጥቂት ካቶሊካውያን ቤተሰቦች ለጸሎተ መቁጠሪያ እኛ ቤት ይሰበሰባሉ፤ የእኅቴ ልጅ ከሆሳዕና መጥቶ ዩኒቨርሲቲ እየተማረ ከእኛ ጋር ተቀምጧል፤ ጎረቤቶቻችን ለቡና ሲመጡ ልጆቻቸውን ይዘው ይመጣሉ፤ አልፎ አልፎም ከገጠር ቁምስናዎች ለሕክምና የሚመጡ እንግዶች እኛ ዘንድ ያድራሉ። ከእነዚህ ሁሉ መካከል የዋይፋዩ የይለፍ ቃል ያልተሰጠው የለም።

በዚሁ መስመር ላይ የባለቤቴ የሥራ ኮምፒውተር፣ ፕሪንተሩ፣ ስማርት ቴሌቪዥኑና በአጥሩ ላይ የተሰቀሉት የጥበቃ ካሜራዎች አሉ። ባለቤቴ የሒሳብ ባለሙያ ስለሆነች የደንበኞቿን ሰነዶች ቤት አምጥታ ትሠራለች፤ እነዚያ ሰነዶች የሰው አደራ ናቸው። የልጆቹም ነገር አለ። የበኩር ልጃችን አሥራ አራት ዓመቱ ነው፤ በእርሱ ስልክ ላይ የራሳችን ጥንቃቄ አለን፤ ነገር ግን አንድ እንግዳ ልጅ ታብሌት ይዞ ሲመጣ ሁሉም በዚያች ስክሪን ዙሪያ ይሰበሰባሉ፤ በእኛው መስመር በእኛው ጣሪያ ሥር ምን እንደሚከፈት ግን አናውቅም።

ከሁሉም የከበደኝ ይሉኝታው ነው። ለጸሎት የመጣን ወንድም ወይም ለዓመታት አብሮን የኖረን ተከራይ «የይለፍ ቃሉን ቀይረነዋል፤ አንሰጥም» ማለት የሚታሰብ አይደለም፤ ጌታችንም «እንግዳ ሆኜ ተቀብላችሁኛልና» ያለውን ቃል ልጆቻችን ከእኛ እንዲማሩት እንፈልጋለን። ስለዚህ የምጠይቀው፣ እንግዳን ሳንከለክል የቤታችንን መሣሪያዎች እንዴት እንለይ? ለልጆች የማይገቡ ገጾችን የሚያጣራ ነገርስ በቤት ደረጃ ማድረግ ይቻላል? ከእንግዶቻችን ብዙዎቹ ኦርቶዶክሳውያንና ሙስሊሞች ስለሆኑ፣ ማጣሪያውን በእነርሱ ላይ ማድረግ እምነታችንን እንደ መጫን እንዳይቆጠርም እሰጋለሁ።

መልስ፦ የኔትወርክ ባለሙያ (ሰሚት)

ሰላም ለእርስዎም ለቤተሰብዎም ይሁን። ሥራዬ በመኖሪያ ቤቶችና በትንንሽ መሥሪያ ቤቶች ኔትወርክ መዘርጋት ስለሆነ፣ ይህን ጥያቄ በአያትም በኮዬ ፈጬም ደጋግሜ እሰማዋለሁ። እንግዳ ሲመጣ ሳሎን ይቀመጣል እንጂ ወደ መኝታ ቤት አይገባም፤ ይህንንም እንደ ንፍገት የሚቆጥረው ሰው የለም። የእንግዳ ዋይፋይም የሚሠራው እንደዚሁ ነው። አንዱ መሣሪያ በሁለት ስም ሁለት ዋይፋይ ያሰራጫል፤ በአንደኛው የሚገባው ቤተሰቡ ሲሆን በሁለተኛው የሚገባው እንግዳው ነው፤ እንግዳው ኢንተርኔቱን በሙሉ ያገኛል፣ ወደ ፕሪንተሩ፣ ወደ ካሜራውና ወደ ባለቤትዎ ኮምፒውተር የሚወስደው መንገድ ግን ዝግ ነው። ይህ ከተደረገ የይለፍ ቃሉን ለጠየቀ ሁሉ ያለ ስጋት መስጠት ስለሚቻል፣ «አንሰጥም» የሚል ቃል ከአፍዎ የሚወጣበት ምክንያት አይኖርም።

ወደ መሣሪያው ለመግባት ከዋይፋዩ ጋር በተገናኘ ስልክ ወይም ኮምፒውተር ብራውዘር ይክፈቱና ከሞደሙ ሥር በተለጠፈው ወረቀት ላይ ያለውን አድራሻ ይጻፉ፤ በብዛት 192.168.1.1 ወይም 192.168.100.1 ነው። ከሌላው ሁሉ በፊት የመሣሪያውን የአስተዳዳሪ የይለፍ ቃል ይቀይሩ። ይህ ከዋይፋዩ የይለፍ ቃል የተለየ ነው፤ ብዙ ቤት ውስጥ ከፋብሪካ እንደ መጣ ስለሚቆይ ዋይፋዩን ያገኘ ሰው ሁሉ ገብቶ ሊያዝበት ይችላል። ቀጥሎ ደብሊውፒኤስ የሚባለውን ያጥፉ። በቁልፍ ወይም በስምንት አኃዝ ፒን በቀላሉ ለመገናኘት የተሠራ ነው፤ የፒኑ ድክመት ግን ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የታወቀ ነው። መሣሪያው ስምንቱን አኃዝ በሁለት ከፍሎ ለየብቻ ስለሚያረጋግጥና የመጨረሻው አኃዝ ከሌሎቹ ተሰልቶ የሚገኝ ስለሆነ፣ ሰብሮ ለመግባት የሚፈልግ ሰው የሚሞክራቸው አማራጮች ወደ 11,000 ብቻ ይወርዳሉ፤ ይህም ከአጥር ውጭ ለተቀመጠ ኮምፒውተር ብዙ ሥራ አይደለም። የምስጠራው ዓይነት ደብሊውፒኤ3 ካለ እርሱን፣ አሮጌ ስልኮች እምቢ ካሉ ደብሊውፒኤ2ን ይምረጡ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። በዋይፋይ ገጹ ላይ ሁለተኛ ስም መፍጠር በብዙ ሞደሞች ይቻላል፤ ነገር ግን ሁለተኛ ስም መፍጠር ማለያየት ማለት አይደለም። አንዳንዱ ሞደም ሁለት ስም እያሰራጨ ከጀርባ ሁለቱንም በአንድ መስመር ላይ ያገናኛቸዋል፤ ባለቤቱም የተለያዩ መስሎት ተዘናግቶ ይቀመጣል። «ጌስት ኔትወርክ» (የእንግዳ ኔትወርክ) ወይም «አይሶሌሽን» (መለያየት) የሚል ምርጫ ካለ ያንን ያብሩ፤ እንግዶች የቤቱን ኔትወርክ እንዲያዩ የሚፈቅድ ሳጥን ካለም ምልክቱን ያንሡ። ከዚያ በራስዎ እጅ ያረጋግጡ። የስልክዎን ሞባይል ዳታ ያጥፉ፣ በእንግዳው ዋይፋይ ይግቡ፣ በብራውዘሩም የካሜራውን መቅጃ አድራሻ፣ ቀጥሎ የፕሪንተሩን፣ ቀጥሎ የሞደሙን ገጽ አንድ በአንድ ለመክፈት ይሞክሩ። ተከፍቶ የመግቢያ ገጽ ካሳየዎት አልተለየም ማለት ነው።

ወደ ማጣሪያው እንምጣ። ዲኤንኤስ የድረ ገጽን ስም ወደ ቁጥር አድራሻ የሚቀይር አገልግሎት ስለሆነ፣ ለመጥፎ ገጾች አድራሻ የማይሰጥ ዲኤንኤስ ከመረጡ እነዚያ ገጾች ሳይከፈቱ ይቀራሉ። ክላውድፍሌር በ2020 እ.ኤ.አ. ለቤተሰቦች ብሎ የከፈተው 1.1.1.3 እና 1.0.0.3 ጎጂ ሶፍትዌር የሚያሰራጩትንም የወሲብ ይዘት ያላቸውንም ገጾች ይዘጋል፤ 1.1.1.2 የሚለው ግን ጎጂ ሶፍትዌሩን ብቻ ስለሚዘጋ ቁጥሩን ሲጽፉ ይጠንቀቁ። ኦፕንዲኤንኤስም 208.67.222.123 እና 208.67.220.123 የሚል ተመሳሳይ አገልግሎት አለው። ሁለቱም ያለ ክፍያ ናቸው፤ መመዝገብም አያስፈልግም። በራውተሩ፣ ማለትም ዋይፋዩን በሚያሰራጨው መሣሪያ፣ ላይ የዲኤንኤስ ቁጥር የሚጻፍባቸው ሁለት ሳጥኖች ያገኛሉ፤ ሁለቱንም ከአንድ አገልግሎት በተገኙ ቁጥሮች ይሙሏቸው። አንዱን ሳጥን በማጣሪያው፣ ሌላውን ደግሞ 8.8.8.8 በሚለው በተለመደው የጎግል አድራሻ የሞሉ ቤቶች ብዙ ጊዜ ያጋጥሙኛል፤ ስልኩ ሁለተኛውን በጠየቀ ቁጥር ማጣሪያው እንደሌለ ይሆናል።

ማጣሪያው የማይደርስባቸውንም ቦታዎች አስቀድመው ይወቁ። የሚያውቀው የገጹን ስም እንጂ በውስጡ ያለውን አይደለም። ስለዚህ በቴሌግራም ቻናል፣ በቲክቶክና በፌስቡክ ውስጥ የሚያልፈውን አያይም። ቪፒኤን የተጫነበት ስልክም ከሥሩ ያልፋል፤ በ2015 ዓ.ም. ማኅበራዊ ሚዲያዎች ተገድበው በነበሩባቸው ወራት ብዙ ሰው ቪፒኤን ስለጫነ፣ ዛሬም በስልኩ ላይ ያለው ሰው ጥቂት አይደለም። በሞባይል ዳታ የሚጠቀምን ስልክማ የቤቱ ራውተር ጨርሶ አያገኘውም። ለልጅዎ ስልክ ግን መንገድ አለ። ከአንድሮይድ 9 ጀምሮ «ፕራይቬት ዲኤንኤስ» የሚል ማስተካከያ በስልኩ የኔትወርክ ሴቲንግ ውስጥ ስላለ፣ የክላውድፍሌርን የቤተሰብ አድራሻ ከኩባንያው ገጽ ወስደው እዚያ ቢያስገቡ፣ ልጁ በዋይፋይም በሞባይል ዳታም ቢጠቀም ማጣሪያው አብሮት ይሄዳል።

መልስ፦ የትምህርተ ክርስቶስ አስተማሪ (አያት)

ውድ ወንድማችን፣ ጥያቄዎን ሳነበው በቁምስናችን ያሉ እናቶች በየሳምንቱ የሚያነሡትን ነገር በደንብ ተጽፎ ያገኘሁት መሰለኝ። ስለ መሣሪያው ባለሙያው በቂ ስላሉ፣ እኔ የምጽፈው ስለ ሰዎቹ ነው።

ቤተ ክርስቲያናችን በዚህ ጉዳይ ዝም አላለችም። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ በ1963 እ.ኤ.አ. ስለ ማኅበራዊ መገናኛዎች ባወጣው ድንጋጌ በቁጥር 10 ላይ፣ ለሥነ ምግባር ጎጂ የሆኑ ትርኢቶችና ጽሑፎች ወደ ቤታቸው እንዳይገቡ፣ ልጆቻቸውም በሌላ ቦታ እንዳያጋጥሟቸው መጠበቅ የወላጆች ከባድ ግዴታ መሆኑን አስፍሯል። ያኔ የነበረው ሬዲዮ፣ ሲኒማና ቴሌቪዥን ነበር። በየካቲት 2002 እ.ኤ.አ. ደግሞ የማኅበራዊ መገናኛዎች ጳጳሳዊ ምክር ቤት ስለ ኢንተርኔት ባወጣው ሰነድ፣ ልጆች ኢንተርኔትን ከወላጆቻቸው ይልቅ ሊያውቁት እንደሚችሉ ገልጾ፣ ወላጆች ግን ከመምራትና ከመከታተል ነጻ እንደማይሆኑ፣ አቅምና ቴክኒክ በሚፈቅደው መጠንም ልጆች በሚጠቀሙባቸው ኮምፒውተሮች ላይ ማጣሪያ መኖሩን ማረጋገጥ እንዳለባቸው በግልጽ ጽፏል። ስለዚህ ሊያደርጉት ያሰቡት ነገር ከልክ ያለፈ ጥብቅነት ነው የሚልዎት ሰው ቢኖር፣ የተጠየቁትን እየፈጸሙ ነውና አይረበሹ።

በሌላ በኩል ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ በ2016 እ.ኤ.አ. ስለ ቤተሰብ ፍቅር በጻፉት ሐዋርያዊ ምክር በቁጥር 261 ላይ፣ ልጅን በሁሉም ነገር መቆጣጠርን ሙጥኝ ማለት ማስተማር እንዳልሆነ፣ ከልጁ የቆመበት ስፍራ ይልቅ ልቡና አሳቡ ያለበትን ማወቅ እንደሚበልጥ ያሳስባሉ። እኔ ከልጆች ጋር ስሠራ ያየሁት ይህንኑ ነው። ማጣሪያው ያለ ምንም ቃል በቤቱ የተገጠመበት ልጅ፣ መጀመሪያ የሚማረው ማለፊያውን ነው። አባቱ አጠገቡ አስቀምጦ «ይህ ነገር ያለው እነዚህን ምስሎች የሚሠሩት ሰዎች የሌላውን ሰው አካል እንደ ዕቃ ስለሚያዩት ነው፤ አንድ ቀን በሰው ስልክ ላይ ብታይ ተደብቀህ አትቀር፣ መጥተህ ንገረኝ፤ አልቆጣህም» ያለው ልጅ ግን በእርግጥ መጥቶ ይናገራል። የበኩር ልጅዎ አሥራ አራት ዓመቱ ከሆነ ይህን ንግግር ራውተሩን ከመንካትዎ በፊት ያድርጉት፤ ከቻሉም ማስተካከያውን አብሮዎት ይሥራው።

የእንግዳ ልጅ ታብሌትን በተመለከተ ቤታችን ያለው ሥርዓት ቀላል ነው። ስክሪን የሚታየው ሳሎን ውስጥ፣ አዋቂዎች በተቀመጡበት ነው፤ መኝታ ቤት ይዞ መግባት የለም። ይህን ለራሴ ልጆች አስቀድሜ ስለነገርኳቸው እንግዳውን ልጅ የሚያስቆሙት እነርሱው ናቸው፤ እኔ የሰው ልጅ ገሥጬ እናቱን የማስቀይምበት ነገር አልመጣም።

እምነትን መጫን ይሆናል ወይ ላሉት፣ በእኔ አስተያየት አይሆንም። ሙስሊም ጎረቤቴም ኦርቶዶክሳዊት ጎረቤቴም ስለ ልጆቻቸው የሚጨነቁት እንደ እኛው ነው፤ እንዲያውም የማጣሪያውን ቁጥሮች ጽፌ ስሰጣቸው ለየቤታቸው ወስደዋቸዋል። መጫን የሚሆነው የእነርሱን የስብከት፣ የመዝሙርና የቅዱሳት መጻሕፍት ገጾች እየመረጡ መዝጋት ቢመጣ ነው፤ ያ ከእንግዳ ተቀባይነት ውጭ ነው። ዋናው ነገር ማጣሪያው መኖሩ ለእንግዳው መነገሩ ይመስለኛል። በእኛ ሳሎን ግድግዳ ላይ ኪው አር ኮዱ የታተመባት ትንሽ ካርድ አለች፤ ስልካቸውን አንሥተው ያነቡትና ሳይጠይቁ ይገባሉ። ከሥሯ እንዲህ ተጽፏል፦ «እንኳን ደህና መጡ። ይህ የእንግዶች ዋይፋይ ነው። በቤቱ ልጆች ስላሉ የወሲብ ይዘት ያላቸውና ለስልክ አደገኛ የሆኑ ገጾች አይከፈቱበትም። ማን ምን እንደሚያይ አንከታተልም።» ካርዷን ያዩ አንዲት እናት፣ ለመቁጠሪያ ጸሎት ያስቀመጥነውን የምሥጢራት ዝርዝር እያወረዱ፣ የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ከሁሉ በላይ ደስ እንዳሰኘቻቸው ነገሩኝ።

መልስ፦ አከራይ ከቱሉ ዲምቱ

የሁለቱንም መልስ በአክብሮት አንብቤያለሁ፤ በአንድ ነገር ግን አልስማማም። ለምን አንከታተልም? ውሉ በእኔ ስም ነው፤ ተከራይ በእኔ መስመር ወንጀል ቢሠራ መጀመሪያ የሚጠየቀው እኔ ነኝ። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ከወጣ ቆይቷል። የእኔ ራውተር የትኛው ስልክ የትኛውን ገጽ እንደከፈተ መመዝገብ ይችላል፤ ያንን መዝገብ ማብራትና የማይሆን ነገር የሚከፍተውን ስልክ በመለያ ቁጥሩ ማገድ ከማጣሪያውም ከካርዱም የተሻለ መሰለኝ። ከተከራዮቼ በወር የተወሰነ ብር ስለምቀበልም መቆጣጠር መብቴ ነው።

መልስ፦ የትምህርተ ክርስቶስ አስተማሪ (አያት)

ወንድሜ፣ ስጋትዎ ይገባኛል፤ ነገር ግን በቤትዎ ያደረ ሰው በሌሊት ምን እንዳነበበ ጠዋት ተቀምጦ ማየት ከእንግዳ ተቀባይነት ጋር አይሄድም። ሰው የሕመሙን ነገር ይፈልጋል፣ ከሥራ ስለመለቀቁ ይጽፋል፣ በትዳሩ ስለደረሰበት ነገር ምክር ይጠይቃል። የሀገራችን ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 26 የግል ሕይወትን ሲያስከብር በቴሌኮሙኒኬሽንና በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ የሚደረግ ግንኙነትን በስም ጠቅሶ ነው። ተከራይዎ ዕድሜው ያልደረሰ ልጅዎ አይደለም። ክፉውን በር መዝጋትና በመልካሙ በር የሚያልፈውን ሰው ሁሉ መመዝገብ በጣም የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

መልስ፦ የኔትወርክ ባለሙያ (ሰሚት)

ከቴክኒክ አንጻር ልጨምርበት። ዛሬ አብዛኛው ገጽ በምስጠራ ስለሚሄድ ራውተርዎ ቢበዛ የገጹን ስም ነው የሚመዘግበው፤ በውስጡ የተነበበውን አያውቅም፤ ስልኩ የራሱን የተመሰጠረ ዲኤንኤስ ወይም ቪፒኤን ከተጠቀመ ስሙንም አያገኝም። ከዚህ ያልተሟላ መዝገብ ተነሥቶ በሰው ላይ መፍረድ ንጹሑን ሰው ያስወነጅላል። ስልክን በመለያ ቁጥሩ ማገድም እንደ ድሮው አይሠራም፤ ከአንድሮይድ 10 እና ከአይፎን አይኦኤስ 14 ጀምሮ ስልኮች ለእያንዳንዱ ዋይፋይ የተለየ የዘፈቀደ ቁጥር ስለሚያሳዩ፣ የታገደው ሰው ቁጥሩን ቀይሮ መመለስ አይቸግረውም።

ከኃላፊነት የሚጠብቅዎት ግልጽ ስምምነት ነው። በኪራይ ውሉ ላይ ስለ ኢንተርኔቱ አጠቃቀም አንድ አንቀጽ ያስገቡ፣ ለተከራይ የተለየ የይለፍ ቃል ይስጡ፣ ሲለቅ ይቀይሩት። ገንዘብ መቀበልዎን በተመለከተ ደግሞ ከአቅራቢው ጋር የፈረሙትን ውል አውጥተው ያንብቡት፤ የመኖሪያ ቤት መስመርን በክፍያ ለሌላ ማካፈል በውሉ የተፈቀደ መሆኑን ሳያረጋግጡ መቀጠል የለብዎትም።

ምላሽ፦ ወላጅ ከለገጣፎ (ጠያቂ)

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ከልጄ ጋር ተቀምጠን ተነጋገርን፤ ከዚያም እንደተባለው የአስተዳዳሪውን የይለፍ ቃል ቀየርን፣ ደብሊውፒኤሱን አጠፋን፣ በፋይበሩ ሞደም ላይም ሁለተኛ ስም ፈጠርን። ፈተናውን ያደረገው ልጄ ነው። ሞባይል ዳታውን አጥፍቶ በእንግዳው ስም ገባና የካሜራውን አድራሻ ሲጽፍ የካሜራው የመግቢያ ገጽ ፊት ለፊታችን ተከፈተ። በሞደሙ ውስጥ «አይሶሌሽን» የሚል ነገር ፈልገን አጣን፤ በተሰጠን የመግቢያ ስም የዲኤንኤሱም ገጽ አይታይም። ሁለተኛ ራውተር ብገዛ እንዴት ላገናኘው? እንግዶቹን በየትኛው ላይ ላድርግ? ተከራዮቹ ያሉባቸው ክፍሎች ከግቢው ጀርባ ስለሆኑ ዋይፋዩ እዚያ ድረስ መድረስ አለበት።

መልስ፦ የኔትወርክ ባለሙያ (ሰሚት)

ፈተናውን ማድረጋችሁ እጅግ ጥሩ ነው፤ ብዙ ሰው ሁለተኛውን ስም ፈጥሮ እዚያ ላይ ያቆማል። አቅራቢዎች ለደንበኛ የሚሰጡት የመግቢያ ስም አንዳንድ ገጾችን ስለሚደብቅ፣ በእናንተ ሁኔታ ሁለተኛ ራውተር ትክክለኛው መንገድ ነው። ሲገዙ ውድ መሆኑን አይመልከቱ፤ የእንግዳ ኔትወርክ ያለውና ዲኤንኤሱን ለመቀየር የሚፈቅድ መሆኑን ሻጩ ሣጥኑን ከፍቶ ወይም በኩባንያው ገጽ ላይ እንዲያሳይዎ ይጠይቁ።

አገናኙ እንዲህ ነው። ከፋይበሩ ሞደም የላን (ለቤት ውስጥ መሣሪያዎች የሚሆነው) ቀዳዳ ተነሥቶ በአዲሱ ራውተር «ዋን» (WAN፣ ኢንተርኔቱ የሚገባበት) በሚለው፣ በብዛት በቀለም ተለይቶ በሚታወቀው ቀዳዳ ላይ የኔትወርክ ገመድ ይሰኩ። ከዚያ የሞደሙን ዋይፋይ ጨርሶ ያጥፉትና ሁለቱንም ስሞች፣ የቤተሰቡንም የእንግዳውንም፣ ከአዲሱ ራውተር ያሰራጩ። የካሜራው መቅጃ ገመድ ዛሬ በሞደሙ ላይ ከሆነ ያለው ነቅለው ወደ አዲሱ ራውተር ማዛወርዎን አይርሱ፤ ምክንያቱን ላስረዳ። ከአዲሱ ራውተር ጀርባ ያለ መሣሪያ ወደ ፊት፣ ማለትም ወደ ሞደሙ፣ መንገድ አለው፤ በሞደሙ ላይ ያለ መሣሪያ ግን ወደ ኋላ መግባት አይችልም። አንዳንድ ሰዎች የቤተሰቡን ዕቃ በሞደሙ ላይ ትተው እንግዶቹን በአዲሱ ራውተር ላይ ያደርጋሉ፤ ይህ የተገላቢጦሽ ነው፤ እንግዳው ወደ ፊት ተሻግሮ ካሜራውን ያገኘዋል። በእናንተ አገናኝ በሞደሙ ላይ የሚቀር ምንም የቤት ዕቃ ስለማይኖር እንግዳ ተሻግሮ ቢያይ የሚያገኘው የሞደሙን መግቢያ ገጽ ብቻ ነው፤ የእርሱንም የይለፍ ቃል ቀይራችኋል።

ሞደሙም አዲሱ ራውተርም 192.168.1.1 የሚል አንድ ዓይነት አድራሻ ይዘው ከተገኙ ይጋጫሉ፤ አዲሱን ወደ 192.168.50.1 ይቀይሩት። ማጣሪያውን በአዲሱ ራውተር ላይ ሲያስገቡ በብዙ የቤት ራውተሮች ዲኤንኤሱ ለመላው ቤት አንድ ስለሆነ ቤተሰቡም እንግዳውም ይጠበቃል፤ ለእርስዎ ጥያቄ ይህ ጉዳት የለውም።

ለጀርባ ክፍሎቹ የእንግዳው ስም በ2.4 ጊጋኸርዝ ይሰራጭ፤ ከ5 ጊጋኸርዝ ፍጥነቱ ያነሰ ቢሆንም የብሎኬትን ግድግዳ በተሻለ ያልፋል። ራውተሩን ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ከመደበቅ ይልቅ ከፍ ባለ መደርደሪያ ላይ፣ ወደ ሰርቪስ ክፍሎቹ በሚያይ መስኮት አጠገብ ያስቀምጡት። ለእንግዳው መስመር የፍጥነት ገደብ የማበጀት ምርጫ ካለም ይጠቀሙበት፤ ባለቤትዎ በሥራ ስብሰባ ላይ ሳሉ ከጀርባ ክፍል አንድ ሰው ፊልም ቢያወርድ አይቆራረጥባቸውም።

የልጆቹን መሣሪያዎች በሌሊት የሚያቋርጥ የሰዓት ማስተካከያ ካለና ሊያበሩት ካሰቡ፣ ራውተሩ የሚያውቀው ሰዓት የእኛ አቆጣጠር አይደለም። ከምሽቱ 4 ሰዓት ለማለት 22:00፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት ለማለት 06:00 ይጻፉ፤ የሰዓት ክልሉም የአዲስ አበባ መሆኑን ይዩ። ለተከራዮቹ ግን ይህን ባያደርጉት ይሻላል፤ የእኅትዎ ልጅም ሌሊት የሚያጠና ከሆነ በእንግዳው ስም ይግባ።

መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ማስተካከያዎቹ አይጠፉም። በመርፌ የሚጫነው የሪሴት ቀዳዳ ከተነካ ግን ሁሉም ወደ ፋብሪካ ሁኔታው ይመለሳል፤ በተለይ የፋይበሩ ሞደም ሪሴት ከተደረገ የአቅራቢው የማገናኛ መረጃም አብሮ ሊጠፋ ስለሚችል ማንም እንዳይነካው ለቤት ሰው ይንገሩ። ለጥገና የመጣ ሠራተኛ ሞደሙን ቀይሮ ወይም አድሶ ከሄደ ደግሞ የሞደሙ ዋይፋይ ተመልሶ በርቶ ሊያገኙት ስለሚችሉ፣ ያንኑ ቀን ልጅዎ ፈተናውን በእንግዳው ስም ደግሞ ይሥራው፤ የካሜራው ገጽ ካልተከፈተ መስመሩ እንደተለየ ነው።